ቢበራልኝም ባይበራልኝም

ኅዳር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ወላይታ ሶዶ

ማሽኑ ለማን በርቶ ለማን ጠፍቶ እንደነበረ ዛሬ ይነገረናል።

ውድ ልጄ ሚልክያስ፣

ይህን የምጽፍልህ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ጥናቱ የተካሄደበት ክፍል በር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ነው። በቀኜ አጎትህ ሻንቆ አለ። ውጤቴን በጆሮው ሰምቶ እንዲነግርህ የላክኸው አንተ ነህ። በግራዬ ጋሽ ባዳቾ የሚባል፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ተቀምጧል፤ እንደ እኔው ጥናቱ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። አንድ በአንድ ነው የሚጠሩን። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ጊዜ አለኝ።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። በስልክ ግን «እማ፣ አንዴ ቆዪኝ» ትለኛለህ፤ እቆይሃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የምትናገረው አንተ ነህ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም። ዕድሜዬን በግብርና መሥሪያ ቤት የሌላ ሰው ደብዳቤ ስተይብ ነው የኖርኩት። «ተወስኗል» የሚለውን ቃል ጣቶቼ ሳላያቸው ይጽፉታል። የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነበር። እሱ ይፈርማል፣ እኔ ግርጌ ላይ የስሜን መነሻ ፊደል አስቀምጣለሁ። ይህኛው ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች የእኔ ነው።

ነገሩን የሰማኸው ከሻንቆ አፍ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አባትህ ሲሞት አልቅሼ ወጥቶልኛል። «በባሏ ሐዘን ነው የታመመችው» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። በሽታው የመጣው ቆይቶ ነው፤ ልቅሶው አልቆ፣ ጡረታዬ ወጥቶ፣ ሁሉ ነገር ደህና በሆነበት ጊዜ። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ልነሳ ስል የምነሳበትን ምክንያት አጣሁ። ምግብ አፌ ውስጥ እንደ ካርቶን ሆነብኝ። ዝናብ ሲመጣ ያጠብኩትን ልብስ ከገመዱ አላወረድኩም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሲርስ አየሁት። አላዘንኩም፣ አልተናደድኩም። ውሃ ጨርቅ ያርሳል፣ በቃ።

ከዚያ እሺ ማለት ጀመርኩ። እምቢ ያለ ሰው ምክንያት ይጠየቃል፣ ይከራከራል፣ ድምፅ ማውጣት አለበት። እሺ ያለውን ግን ሰው ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ለሁሉም እሺ አልኩ። የሴቶች ኅብረቱን ሰብሳቢነት ለሌላ ልቀቂ ሲሉኝ እሺ። የታችኛው ጎረቤት አጥሩን ወደ እኔ ገፋ ላድርገው ሲል እሺ።

ይህን ጊዜ ምን የተባለ ይመስልሃል? «አስናቀችን ጌታ ለወጣት» ተባለ። እኔ ዝም የምል ሴት እንዳልነበርኩ አንተ ታውቃለህ። መዘምራን ቃል ቢስቱ ከመቀመጫዬ ሆኜ የማርም ሰው ነበርኩ። አሁን ጸጥ አልኩ። ወንጌላዊው የሴቶች ስብሰባ ላይ ቆሞ «እንደ እህታችን አስናቀች የተሰበረ ልብ ይስጣችሁ» ብሎ ጸለየ። ሴቶቹ አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ያው እሺ ማለቴ ነው። አንተም ለገና መጥተህ «እማ፣ እንዴት ተረጋግተሻል!» ብለህ ጉንጬን ሳምከኝ። ቤቴ ሰንብተህ ስትሄድ አንዴም እንዳልሳቅሁ አላስተዋልክም። አልቀየምህም። በእኛ ዘንድ አሮጊት ስትጮህ ነው ታመመች የሚባለው። ዝም ስትል ጸጋ ተሰጣት ይባላል።

አሁን ወደ እንሰቱ ልምጣ።

አዲስ አበባ ቆይተሃልና ሥርዓቱን ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። የጓሮ እንሰት የሴት ነው። ወንድ ይተክላል፣ ችግኙን ከቦታ ቦታ ያዛውራል። የትኛው እንደደረሰና መቼ እንደሚቆረጥ የምትናገረው ግን የቤቱ ሴት ናት። አባትህ ቁጡ ሰው ነበር፤ እሱ እንኳ ሳይጠይቀኝ አንድ ግንድ ነክቶ አያውቅም። ሻንቆም ሥርዓቱን አልጣሰም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣና አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ።

«እትዬ አስናቀች» አለኝ፣ «ሚልክያስ ጓሮው ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚከራይ ክፍሎች ሊሠራ ነው። እንሰቱ መነሳት አለበት። ቤቱ ሲያልቅ አንቺም አዲስ አበባ እሱ ጋ ትገቢያለሽ። እዚህ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ምን ትያለሽ?»

«እሺ» አልኩት።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ?»

«ሰማን።»

ቃሌ የተያዘው እንዲህ ነው። በማግሥቱ ሠራተኞች መጥተው ከቤቱ ጀርባ ያለውን ረድፍ ጣሉት። የደረሰውም ያልደረሰውም አብሮ ወደቀ። እንሰት ሲቆረጥ የጎረቤት ሴቶች ተጠርተው ይፍቁታል፣ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል፣ ቆጮ ይሆናል። ያን ቀን ማንም አልተጠራም። ለጋውን ከብት በላው፣ የቀረው አጥር ሥር ተጥሎ በሰበሰ። እኔ በመስኮት ቆሜ አየሁ። ምንም አልተሰማኝም።

ልጄ፣ በሽታው ማለት ይህ ነው። የሚያስለቅስ ነገር እንዳይመስልህ። በእጄ የኮተኮትኩት፣ አመድና ፋንድያ ተሸክሜ ያሳደግሁት ሲወድቅ እያየሁ ምንም አለመሰማቱ ነው። አንተና ሻንቆ «ቃሏን ሰጥታለች» የምትሉት በዚያው ሳምንት የሰጠሁትን ቃል ነው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ መሬቱ ጭቃ ሆነና ሥራው ቆመ። የቀረው እንሰት ከመስቀል በኋላ ይነሳል ተባለ።

በሽታ መሆኑን ያወቀችው ጎረቤቴ ፈጠነች ናት። የቦዲቲ ልጅ ናት፤ ገበያ ላይ ቅቤ እየሸጠች ያደገች ስለሆነች ምላሷ አይቻልም። አንድ ቀን መጣች፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የሚልክያስ እናት፣ ያቺን ትልቋን ድስትሽን ልውሰዳት?»

«እሺ።»

«ጋቢሽንስ?»

«እሺ።»

«የፊት ጥርሶችሽንስ? ሁለቱን ነቅዬ ለበሬዬ ልግጠምለት?»

«እሺ» አልኳት።

ፈጠነች በሬ የላትም።

«ይሄ ጸጋ አይደለም» አለች። «ወንጌላዊው የፈለገውን ይበል። ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ።» እሺ ብዬ ተነሳሁ። ያች አንዷ እሺ ጠቀመችኝ። በባጃጅ ጭና እዚህ አመጣችኝ።

ስሙ ድባቴ ነው አሉኝ። መድኃኒት ሰጡኝ፤ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ሌላው ግን እንደነበረ ቀረ። በክረምቱ አጋማሽ ላይ ዶክተር ክብረት የሚባል ወጣት ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር ለጥናት መጣ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድባቴ የያዛቸው ሰዎች ይፈልጉ ነበር። ማሽኑን ሻንቆ እንዴት አድርጎ እንደነገረህ ሰምቻለሁ። ጭንቅላት ውስጥ የሚገባ ነገር የለውም። የእጅ ሬዲዮ ታህላለች፤ በባትሪ ነው የምትሠራው። በጨው ውሃ የተነከሩ ሁለት ስፖንጆች ግንባርህ ላይ ያደርጉና በላስቲክ ያስሩልሃል። ስስ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ጉንዳን የሚሄድብህ ያህል ያሳክክሃል፣ ከዚያ ትለምደዋለህ። ተቀምጠህ ትጠብቃለህ፣ ይፈቱልሃል፣ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። በማግሥቱ ትመለሳለህ።

ግማሾቻችን ላይ ማሽኑ ይበራል፤ ግማሾቻችን ላይ ደግሞ ጥቂት አሳክኮ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። የትኛው ለማን እንደሆነ እኛም ስፖንጁን የምታስረው ነርስም አናውቅም። ይህን ቀድመው ነገሩን፤ ተስማምቼ ገባሁ። ለውጡን የሚያመጣው ኤሌክትሪኩ ይሁን፣ ወይስ በየቀኑ ከአልጋ ወጥቶ ከሰው ጋር መዋሉ፣ የሚታወቀው በዚህ ነው አሉ።

ጋሽ ባዳቾን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ቀን ግንባሩ ታስሮ ተቀምጦ «መብራት በየሳምንቱ በሚጠፋበት ከተማ እነዚህ ልጆች ማሽን በራ አልበራ ብለው ያጠናሉ!» አለ። የሳቀ አልነበረም። ሁላችንም ድባቴ የያዘን ነበርን።

ከሕክምናው በፊትና በኋላ ፈተናም ነበረው። ኮምፒዩተር ላይ አንድ ሰውዬ ይታይሃል፤ ከፊቱ ሥጋ አለ። ለሁለታችሁ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ድርሻህን ያሳይሃል። አረንጓዴውን ከተጫንክ ሁለታችሁም ትወስዳላችሁ፤ ቀዩን ከተጫንክ ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ትሄዳላችሁ። ነገሩ ውጭ አገር በሌላ ዕቃ ነው አሉ የሚሠራው፤ ዶክተር ክብረት እኛ እንዲገባን ብሎ በሥጋ ለወጠው። እንዲህ ያለ አከፋፈል የት እንዳየ ጠየቅሁት። በእኛ አገር የመስቀል በሬ ሲታረድ መደቡን የሚደለድለው ሰው ለራሱ አይመርጥም፤ ዕጣ ይጣላል። ሳቀና «እማማ፣ ይሄኛው ሰውዬ ዕጣ አያውቅም» አለኝ።

በመጀመሪያው ፈተና ሰውዬው እኩል ሲሰጠኝ አረንጓዴ ተጫንኩ። ሩቡን ሲሰጠኝ አረንጓዴ። አጥንት ብቻ ሲሰጠኝም አረንጓዴ። ጋሽ ባዳቾ በበኩሉ ሁሉንም ቀይ ነው የተጫነው፤ እኩል የሰጠውንም ጭምር። ለምን ሲሉት «የድሮ ተቆጣጣሪዬን ይመስላል» አለ።

ሕክምናው ከተጀመረ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈጠነች ምሳ ይዛልኝ መጣች። ቀመስኩና «ይሄ ምንድን ነው? ቦዲቲ ጨው ጠፋ?» አልኳት። ሳህኑን ከእጄ ነጥቃ መሬት ላይ አስቀመጠችና አቀፈችኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለች። ወጡ በእርግጥ ጨው አልነበረውም።

መጀመሪያ የተመለሰልኝ ደስታ እንዳይመስልህ። ንዴት ነው። በዚያው ቀን ወደ ጓሮ ወጣሁና ባዶውን ቦታ አየሁ። በሰኔ ያልተሰማኝ ሁሉ በመስከረም ተሰማኝ። እዚያው ጉቶው ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ተራገምኩም፤ ከተራገምኳቸው ውስጥ አንተም አለህበት። እናት ናትና ታዝንልኛለች አትበል፤ ያን ቀን አላዘንኩልህም።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ሰውዬው አጥንቱን ሲያቀርብልኝ ቀዩን ተጫንኩ።

«ለምን እምቢ አሉ?» አለኝ ዶክተር ክብረት። «እምቢ ሲሉ እኮ እርስዎም ምንም አያገኙም።»

«እሱም አያገኝማ» አልኩት።

ጻፈው።

ከመስቀል በኋላ ሻንቆ ሠራተኞቹን ይዞ መጣ። መጥረቢያቸውን አጥሩ ላይ ሲያስደግፉ ነው የደረስኩባቸው። የሆነውን የነገረህ በራሱ መንገድ ነው፤ እንዲህ ነበር፦

«እምቢ» አልኩት።

«እትዬ፣ እሺ ብለሽ ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር። አሁን እምቢ አልኩ።»

«በምስክር ፊት ነው ያልሽው!»

«ምስክሮችህን ጥራቸዋ። ይሄንንም ይስሙ።»

ክንዴን ሊይዘኝ ሲል በወላይትኛ ሰደብኩት። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፤ አያትህ ስትናደድ የምትለውን ነው። ሻንቆ ወደ ኋላ አለ። «ይሄ አንቺ አይደለሽም» አለኝ። «ይሄ ያ ማሽን ነው።»

አንዱ ሠራተኛ ከት ብሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ ማሽኑ ወላይትኛ ይችላል እንዴ?»

ሠራተኞቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ሄዱ። በሳምንቱ ግን «አስናቀችን ኤሌክትሪክ አናገራት» የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ። ወንጌላዊው ሊጸልይልኝ መጣ። ዓመት ሙሉ እንደ ሙት ስተኛ ያልመጣ ሰው፣ ተነስቼ ስጮህ መጣ። ሻይ ሰጠሁትና ሸኘሁት።

ከዚያ አንተ ደወልክ። ድምፅህ የተጠና ነበር። «እማ፣ ሐኪም ጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለው ማሽን የሰውን ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል ብሎኛል። ጥናቱ ሲያልቅ የበራለትና ያልበራለት ይነገራል አይደል? እስከዚያ ሁላችንም እንታገሥ። በርቶልሽ ከሆነ የጤናሽን ቃል፣ የመጀመሪያውን ይዘን እንቀጥላለን። አጎቴም አብሮሽ ገብቶ ይስማ።» እሺ አልኩህ። ያች እሺ ስልኩን እንድትዘጋው ነበረች። አንተ ግን እሷንም በምስክርነት ያዝካት።

የጤናሽ ቃል አልክ። አልጋ ላይ ተኝቼ ጥርሴን ለበሬ የሰጠሁበትን ወራት ነው ጤና ያልከው።

እኔም ሳልጠይቅ አልቀረሁም። ዶክተር ክብረትን «እንሰቴ አይቆረጥም ያልኩት እኔ ነኝ ወይስ ማሽንህ?» ብዬዋለሁ። ቶሎ አልመለሰልኝም፤ ይህን ወደድኩለት።

«እማማ፣ ማሽኑ ቃል አያውቅም» አለኝ። «እንሰት ምን እንደሆነም አያውቅም። የደከመ ነገር ካለ ያነቃቃል ብለን እናስባለን፤ እሱንም ገና እያጠናን ነው። ከነቁ በኋላ ምን እንደሚሉ እኛ የምናዘው አይደለም።»

«ይህን ለልጄ ትነግርልኛለህ?»

«እርስዎ ካልፈቀዱ ስለእርስዎ ለማንም አንድ ቃል አልናገርም። ከፈቀዱ እነግረዋለሁ። ግን ያምነኛል?»

ልጄ፣ አውቅሃለሁ።

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ገብቼ ልሰማ ቆርጬ ነበር። አልበራም እንዲሉኝ በልቤ እየለመንኩ ነው ከቤት የወጣሁት። አልበራም ከተባለ ሻንቆ አፉን ይይዛል፣ አንተም ታምናለህ ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ ስጀምርም ሐሳቤ ያው ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አሁን፣ እዚሁ አግዳሚ ላይ የሰማሁት ነገር ነው። ጋሽ ባዳቾ በእኔ አሻግሮ ሻንቆን ያናግረው ጀመር።

«አንተ ደግሞ የት አየሁህ? ጥናቱ ውስጥ አልነበርክም። አንተንም ድባቴ ይዞሃል?»

«ምስክር ነኝ» አለ ሻንቆ።

«ምስክር! ሴትዮዋ ተከሳለች?»

«ማን ከሰሳት? የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በርቶላት እንደሆነ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

«እሺ፣ በርቶላት ነበር ቢሉህ?»

«ያንን ሁሉ የተናገረው ማሽኑ ነዋ። ቃሏ አይያዝም።»

«አልበራላትም ቢሉህስ?»

ሻንቆ አላመነታም። «አልበራላትም ማለት አልታከመችም ማለት ነው። አልታከመችም ማለት በሽታው አለባት። የበሽተኛ ቃል ይያዛል እንዴ?»

ጋሽ ባዳቾ ዞሮ እኔን አየኝ፣ ተመልሶ እሱን አየው። «እህ» አለ። «ታዲያ ይቺ ሴትዮ ምን ልትሰማ ነው ወረፋ የያዘችው?»

ሻንቆ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን አየና መልሶ አደረገው። ክፉ ሰው አይደለም። የነገርከውን ነው የተናገረው። ከተናገረ በኋላ ግን ራሱም የሰማው መሰለኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ነገሩን ልንገርህ። ማሽኑ በርቶልኝ ከሆነ ቃሌ የማሽኑ ነው። ካልበራልኝ ቃሌ የበሽታው ነው። የእኔ የሚሆነው መቼ ነው? እሺ ስልህ ብቻ ነው። እሺ ባልኩ ቀን ማንም ሐኪም አልጠየቀም፣ ማንም ምስክር ይዞ ሆስፒታል አልመጣም፣ ማንም «ይሄ አንቺ አይደለሽም» አላለኝም።

ማወቅ አልፈልግም ብዬ አልዋሽህም። እፈልጋለሁ። የራሴ ጭንቅላት ነው። ያልበራለት ሰው ከፈለገ እውነተኛውን ሕክምና በነፃ ያገኛል ብለዋል፤ ዛሬ ካልገባሁ ይህም ሊያመልጠኝ ይችላል። ይህን አውቄ ነው። አንዳንድ ጠዋት እግሬን ከአልጋ ማውረድ አሁንም ሥራ ነው። በሽታው ከተመለሰ ፈጠነችን እጠራለሁ፣ ወይ ራሴ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ፣ በራልኝ ወይ ብዬም እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ለመዳን ስል እጠይቃለሁ። ሻንቆን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በጓሮዬ ላይ ፍርድ እንዲሰጥበት ግን አልጠይቅም።

ልጅ ሆነህ ወባ ይዞህ በነበረ ጊዜ ስትቃዥ ሁሉንም ሰው እሺ ትል ነበር። ኪኒኑን ውጠህ ትኩሳቱ ሲለቅህ መጀመሪያ ያልከው «ገንፎ አልፈልግም» ነው። ያን ጊዜ ኪኒኑ ነው የሚናገረው አላልኩም። ልጄ ዳነልኝ ብዬ ሌላ ምግብ ሠራሁልህ።

እንሰቴ ይቆማል። በተቆረጠው ቦታ ፈጠነች ዘመዶቿ ጋ ካለ ችግኝ ታመጣልኛለች፤ ዝናብ ሲመጣ እንተክላለን። አዲስ አበባ ለመኖር አልመጣም። ልጅ ሲወለድልህ አራስ ልጠይቅ እመጣለሁ፣ ሲበቃኝ እመለሳለሁ። ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ። አንተ ጓሮው ላይ ቤት ልትሠራ ስታስብ እኔ ለምን ብዬህ አላውቅም። ስለፈለግሁ ነው። ነገ ሐሳቤን ብለውጥም የምለውጠው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይቆጥርልኝም።

ስሜን ጠሩ። «ወይዘሮ አስናቀች ቦልቴ!» ሻንቆ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። ቀድሞኝ በሩ ጋ ደርሷል፤ በሩን ከፍቶ ይዞልኛል። «ነይ እንጂ እትዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ይለኛል። ጋሽ ባዳቾ «ጨርሺ፣ ጨርሺ፣ አይሄዱም» ይለኛል። ተራዬን እንዲወስድ ነግሬዋለሁ።

ሰላም ሁን ልጄ። እወድሃለሁ፤ ይህንንም ማሽን አልነገረኝም። ስትመጣ በሩ ክፍት ነው፣ አልጋህም እንደነበረ ነው።

እናትህ
አስናቀች ቦልቴ

ደግመው ጠሩኝ። ሻንቆ «እሺ በይ እንጂ!» ይላል። የውጭው በር በስተግራ ነው፤ በዚያ በኩል ወጣሁ።